ሰው ያልሞተበት ድንኳን

የእኔ እንጀራ ደም ነው። አዳማ ውስጥ በአንድ ሆስፒታል ቤተ ሙከራ የሰው ደም በቱቦ ስቀበል፣ ሳሽከረክርና ስመረምር እውላለሁ። ሰፈራችን ውስጥ ሥራዬን በትክክል የሚያውቅ ሰው የለም። ግማሹ ነርስ ነሽ ይለኛል፤ ግማሹ ዶክተር ይለኝና መንገድ ላይ አስቁሞ ምላሱን ያሳየኛል። አንዲት ጎረቤታችን "ደም የምትቀዳው ልጅ" ብላ ለእንግዳ ስታስተዋውቀኝ፣ እንግዳው ወንበሩን ራቅ አድርጎ ተቀመጠ። ለምጄዋለሁ።

ደም ግን እኔኑ እቤቴ ድረስ መጥቶ የተጫወተብኝ በአባቴ እግር በኩል ነው።

አባቴ የሰፈራችን እድር ዳኛ ነው። ድሮ ከሁሩታ ስንዴና ገብስ እያመጣ አዳማ ይሸጥ ነበር፤ ጉልበቱ ሲደክም ንግዱን ተወና ሙሉ ጊዜውን ለሰው ሞት ሰጠ። ለቅሶ ቤት መቀመጥ እንደ እሱ የሚችል አላየሁም። ሌላው ሰው ይቁነጠነጣል፣ ስልክ ላናግር ብሎ ወጣ ይላል። አባቴ ጋቢውን ተከናንቦ አግዳሚው ላይ ከተቀመጠ ለምሳ እንኳ አይነሳም፤ ምሳው ነው ወደ እሱ የሚሄደው። "ለቀስተኛ ከተነሳ ሐዘኑ ይሳሳል" ይላል። ይህን ያለው ከሱ በፊት ማን እንደሆነ ጠይቄው አያውቅም፤ ራሱ ያወጣው ይመስለኛል።

ቡልቡላ ከተማ የሚኖር የአጎቱ ልጅ ሞተበትና ሄደ። ሚኒባሱ የኋላ ወንበር ላይ ጉልበቱን ወደ አገጩ አጥፎ ሄደ፤ ሠልስቱ እስኪወጣ ንቅንቅ ሳይል ተቀመጠ፤ እንደገና በኋላ ወንበር ጉልበቱን አጥፎ ተመለሰ። በሳምንቱ ግራ እግሩ ከጉልበቱ በታች አበጠና ጋለ። እናቴ "የሰው ዓይን ነው" አለች። ጎረቤት "ምች ነው" አለ። አባቴ ራሱ "ጫማው ጠቦኝ ነው" አለ፤ ያን ጊዜ በነጠላ ጫማ ነበር።

እየጎተትኩ ሆስፒታል ወሰድኩት። በአልትራሳውንድ ሲታይ እግሩ ውስጥ ካሉት ትልልቅ የደም ሥሮች አንዱ በረጋ ደም ተዘግቷል። ሐኪሟ ወደ ጎን ወስዳ የማውቀውን ነገረችኝ። ይህ የረጋ ደም ከእግሩ ከተነቀለ በልብ አልፎ ሳንባው ላይ ይሰካል፤ ያኔ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ሊሞትም ይችላል። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔ በዓለም ላይ የምፈራው ነገር አንድ ብቻ ሆነ፤ ያ የደም ጓል ከእግሩ እንዳይነሳ።

ለጥቂት ቀን መርፌ፣ ከዚያ ዋርፋሪን የሚባል ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ክኒን ታዘዘለት። ብዙ እንዳይቀመጥ፣ ቶሎ ቶሎ እንዲራመድ፣ የሚበላውን የጎመን መጠን ድንገት እንዳይጨምር ተነገረው። እቤት ስንደርስ አባቴ ፍራሹ ላይ ተቀመጠና "በይ አሁን ነገሩን ከሥሩ አስረጂኝ" አለኝ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ የሚል ሰው ነው። ጉባኤ ላይ እንዳለ ጋቢውን አስተካከለ።

አስረዳሁት። የደም ሥር ውስጡ በስስ ሕዋሳት የተለበጠ ነው አልኩት። እነዚህ ሕዋሳት ዝም ብለው አልተነጠፉም፤ ቀን ከሌት ፕላትሌት የሚባሉትን ጥቃቅን የደም ክፍሎች እዚህ አትቁሙ፣ እለፉ የሚል ነገር ያመነጫሉ። ሥሩ ሲቆረጥ ሽፋኑ ይቀደድና ከበታቹ ያለው ሻካራ ነገር ይገለጣል። ደም ውስጥ የሚንሳፈፍ አንድ ረጅም ፕሮቲን እዚያ ላይ ይለጠፍና የሚያልፉትን ፕላትሌቶች ለቀም ያደርጋል። የተያዙት ቅርጻቸውን ለውጠው እጅና እግር መሰል ነገር ያወጣሉ፤ ሌሎቹን ይጠራሉ፤ እርስ በርስ ይያያዛሉ። ቀጥሎ ሌሎች ፕሮቲኖች እነሱ ጀርባ ላይ ይሰፍሩና አንዱ ሌላውን እየቀሰቀሰ ይሄዳል። መጨረሻ የሚቀሰቀሰው፣ ደም ውስጥ ሟሙቶ የነበረውን ፕሮቲን ወደ ክር ይለውጠዋል። ክሩ መረብ ይሆናል፤ ደሙ ይቆማል።

"ድር ቢያብር አንበሳ ያስር" አለ አባቴ። ይህን ተረት በየስብሰባው የማይጠቅስ የእድር ዳኛ የለም። "ይኼማ እድር ነው! መጀመሪያ የሚደርሰው ጎረቤት ነው። እሱ ሌላውን ይጠራል፣ ጥሩምባው ይነፋል፣ ሴቶቹ ይመጣሉ። ታዲያ ይኼ ደም ምን አጠፋ?"

"ምንም ቁስል ሳይኖር ነዋ የረጋው፣ አባዬ። አንተ ስትቀመጥ ደሙም እግርህ ውስጥ ተቀመጠ። ካልፈሰሰ እነዚያ ፕሮቲኖች ታጥበው አይሄዱም። ሽፋኑም ኦክስጅን ሲያጥረው ጠባዩ ይለወጣል፤ እለፉ ማለቱን ትቶ ራሱ መያዝ ይጀምራል።"

"መቀመጤ ነው ጥፋቱ?"

"አዎ።"

"ለቅሶ ተቀምጦ የታመመ ሰው እኔ አላውቅም" አለና ፊቱን አዞረ። ቅር ብሎታል። በእሱ ቤት ሳይንስ የሟቹን ወገን ሰድቧል።

ከዚያ ጠያቂ መጣ። የታመመ የእድር ዳኛ የማይጠይቅ ሰው ነገ በማን ሊቀበር ነው? ከጠዋት ጀምሮ በራችን ላይ ጫማ ይደረደራል። አባቴም ጠያቂ እያለ አልነሳም አለ። "በሽተኛ እየተራመደ እንግዳ ይቀበላል እንዴ?" አለኝ። ስነዘንዘው ጊዜ አንድ ቀን ተነስቶ ግቢውን መዞር ጀመረ። ጠያቂዎቹም ባለጌ አይደሉም፤ ተነስተው ከኋላው ተከተሉት። ሽማግሌ ሁሉ ከዘራውን ይዞ በልብስ ማስጫው ገመድ ሥር ጎንበስ እያለ፣ "እንዴት አደሩ፣ ትንሽ ተሻልዎት?" እያለ ይዞራል። ከሥራ ስመለስ የሆነ ቅዱስ የሚነግሥ መስሎኝ ነበር። በማግስቱ ጉልበታቸው ያመማቸው ሰዎች አቤቱታ አቀረቡና አባቴ ወደ ወንበሩ ተመለሰ።

ጠያቂ ባዶ እጁን አይመጣም። በሽታው የደም ነው ተብሎ ስለተወራ፣ ሰፈሩ በአንድ ድምፅ ደም የሚሆን ነገር ማምጣት ጀመረ። ሁዳዴ ስለነበር ሥጋ የለም፤ ስለዚህ ቀይ ሥርና ጎመን ነው። ጎመን በዘንቢል፣ ጎመን በፌስታል፣ የተቀቀለ ጎመን በሰሃን። ዋርፋሪን ደግሞ ጠላቱ ጎመን ነው። ደም ከሚያረጉት ፕሮቲኖች አንዳንዶቹን ጉበት ሲሠራ ቫይታሚን ኬ ይፈልጋል። ክኒኑ ይህን ቫይታሚን ሥራ ያስፈታዋል፤ ጎመን ደግሞ በሽበሽ አድርጎ ያመጣዋል። እኔ በፊት በር ክኒን አስገባለሁ፣ ሰፈሩ በጓሮ በር ጎመን ያስገባል።

ከአጥሩ ማዶ ያሉት እናት ደጋግ ናቸው። ማለዳ "አካም ቡልተን?" ብለው ሲገቡ በሁለት እጃቸው ሊያቅፉት የማይችሉት ጎመን ይዘዋል።

"እማማ፣ ጎመን ለሱ ጥሩ አይደለም" አልኳቸው።

"ደም ይሆነዋል ልጄ።"

"ደሙ አልጎደለም። ጠባዩ ነው የከፋው።"

"ጎመን ጠባይም ያሳምራል" አሉኝና ለእናቴ አቀበሏት።

እናቴ ተቀበለች። ጎረቤት ያመጣውን መመለስ እሷ ዘንድ ከበሽታ ይብሳል። እኔ ሥራ ስሄድ ለአባቴ ታቀርብለታለች፤ እሱም የሰው እጅ አይመለስም ብሎ ይበላል። ይህን ያወቅኩት በኋላ ነው። እናቴና አባቴ በሌላ ነገር ሁሉ ይነታረካሉ፤ እኔን በመደበቅ ብቻ አንድ ናቸው። ስለ እሱ ደግ ቃል ከአፏ ወጥቶ ሰምቼ አላውቅም። ስትጠራው "ያ ሰውዬ" ነው የምትለው፤ እቤት ውስጥ ሌላ ሰውዬ ያለ ይመስል።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሥራ ከመሄዴ በፊት ደሙን ባለ ሰማያዊ ክዳን ቱቦ ቀዳሁና ይዤ ሄድኩ። እኛ ዘንድ ምርመራው ቀላል ነው፤ ደሙን ከሚያረጋው ነገር ጋር ቀላቅለን ስንት ጊዜ እንደሚፈጅበት እናያለን። ክኒን የሚውጥ ሰው ደም ዘግየት ማለት አለበት። የአባቴ ደም ወዲያው ረጋ። ደግሜ ሠራሁት፤ ያው ነው። ክኒኑን ጎመን በልቶታል። እቤት ደወልኩ፤ እናቴ ስልኳን ባትሪው እንዳያልቅ አጥፍታ ቁም ሳጥን ውስጥ ነው የምታስቀምጠው። አባቴ አያነሳም። ጓደኛዬን ተኪኝ ብዬ ወጣሁ።

እኔ መንገድ ላይ ሳለሁ እቤት የሆነውን የሰማሁት ቆይቶ፣ ከብዙ አፍ ነው።

አባቴ ጠያቂዎቹ መሃል ተቀምጦ ሳለ ደረቱን ውግት አደረገውና ትንፋሽ አጠረው። ለማንም አልተናገረም። "ትንሽ ደከመኝ" ብሎ ጓዳ ገባና በሩን ዘጋ። እናቴ "ይተኛበት፣ ድምፅ አታሰሙ" አለችና ወደ ማድ ቤት ሄደች። ጠያቂዎቹ ጸጥ ብለው ባዶውን ወንበር እያዩ ተቀመጡ።

በዚህ ላይ የአባቴ የአክስት ልጅ ከሁሩታ ደረሰች። ከሁለት ቀን በፊት በስልክ "ትንሽ አሞታል፣ ሲመችሽ ብትመጪ" ተብላ ነበር። እዚህ ላይ መታወቅ ያለበት፣ በእኛ አገር ሞት በስልክ አይነገርም። ሰው ሲሞት የሚባለው በትክክል ይኸው ነው፤ ትንሽ አሞታል። መርዶው የሚነገረው በአካል፣ በጠዋት፣ ተከቦ ነው። ስለዚህ የእውነት ትንሽ ያመመው ሰው ዘመዱን የሚጠራበት ቋንቋ የለውም። ሴትዮዋ ጥቁር ለብሳ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ነው አውቶቡስ የተሳፈረችው።

ገባች። በሩ ላይ ጫማ ተደርድሯል። ወንበሩ ባዶ ነው። ሰዉ ሁሉ አንገቱን ደፍቷል።

"ወንድሜስ?" አለች።

"ትንሽ ደክሞት ተኝቷል" አሏት።

በቃ። ሁሩታ ድረስ የሚሰማ ጩኸት ጮኸች። ጠያቂዎቹ አባቴ በእግሩ ወደ ጓዳ ሲገባ በዓይናቸው አይተዋል፤ ነገር ግን ዘመድ ካለቀሰ ዘመድ ያውቃል ብለው ተነሱ። እነሱ ሲነሱ ያየ የጎረቤት ሴት በአጥር ላይ አለቀሰች። እናቴ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ከማድ ቤት ወጣች፤ ሰው ሁሉ ደረቱን ይመታል። ማን ምን አላት? ማንም። ከጓዳው በር አጠገብ መሬት ላይ ተዘረጋች።

የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ከፊት ለፊታችን ነው የሚኖረው። ጥሩምባ ለመንፋት የዳኛውን ፈቃድ ማግኘት አለበት። ዳኛው ስለሞተ ራሱ ለራሱ ፈቀደና ነፋው። ጥሩምባው ሲነፋ ድንኳን ተሸካሚዎቹ ሮጡ። አባቴ እነዚህን ሰዎች ለዓመታት ሲያሠለጥን፣ ድንኳን የዘገየበት ለቅሶ ውርደት ነው ሲል ነው የኖረው፤ እንደ እሱ ትምህርት ውሃ ሳይፈላ ተከሉት። ሹም ሲሞት ትልቁ ድንኳን ይተከል የሚለውንም ደንብ ያወጣው እሱ ነው። ትልቁ ድንኳን ቅያሳችንን ከአጥር እስከ አጥር ይሞላዋል፤ ድመት እንኳ በጎን አታልፍም። ገናዡ አስከሬኑን ሳይገንዝ ማንም ወደ ሟች ክፍል አይገባም የሚለውም የእሱ ደንብ ነው። ገናዡ ገበያ ሄዶ ነበርና በሩን የከፈተ ሰው የለም።

ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት ይላል ያገሬ ሰው። ማንም ሐሳብ አልጨመረም፤ ሰው ጨመረ እንጂ። ጤነኛ የደም ሥር እኮ ፊቱ ላይ በቃ የሚል ፕሮቲን አለው፤ የሚረጋው ደም ከቁስሉ ድንበር እንዳያልፍ እዚያው ይገታዋል። በእኛ ሰፈር በቃ፣ ተነሱ የማለት ሥልጣን ያለው አንድ ሰው ነው። እሱ ደግሞ ጓዳ ውስጥ ነው።

ባጃጁ ቅያሱ አፍ ላይ ቆመ። "እህቴ፣ ከዚህ አያልፍም። ለቅሶ አለ" አለኝ ሾፌሩ።

"የማን?"

"የእድሩ ዳኛ ናቸው አሉ።"

አባቴ መሞቱን ከባጃጅ ሾፌር ሰማሁ። የገንዘቡን መልስ ሳልቀበል ወረድኩ። የቱቦው ደም ዓይኔ ላይ ነበር፤ ጓሉ ተነቅሎ ሳንባው ላይ ተሰክቷል፣ አለቀ አልኩ። ድንኳኑ ሥር ስደርስ አንዲት ሴት አቀፈችኝ፤ እሷ ለሌላዋ አሳለፈችኝ፤ ሌላዋ ለሦስተኛዋ። መጨረሻ ላይ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ፣ በሁለት ወፍራም ሴቶች መሃል ተጣብቄ እያለቀስኩ ራሴን አገኘሁት። የት ነው ያለው ብዬ አልጠየቅሁም። ደም እንዴት እንደሚረጋ የማውቅ ሴትዮ፣ ተራዬ ሲደርስ ተለጠፍኩ። ከልቤ ነበር የማለቅሰው፤ አባቴን እወደዋለሁ፣ እሱም ሳይሰማው ሄደ ብዬ ነበር የማለቅሰው።

ከቤት ውስጥ የእናቴ ድምፅ ይመጣል። ሙሾ አውጪ አያስፈልጋትም፤ ራሷ ነበር የምታወጣው። እንደዚያ ስትናገር ሰምቼ አላውቅም።

"ልጅ ሳንወልድ ከሁሩታ ከረሜላ እያመጣህ፣ ለልጆች ነው ትለኝ የነበርከው! የቱ ልጅ? የቱ ልጅ ነበረን? እኔ ነኝ የበላሁት! በአራስነቴ ሌሊት ውሃ አሙቀህ እግሬን አጥበህ፣ ለሰው ሠራተኛዋ ናት ያልከው! ሠራተኛ መች ነበረን? በር ዘግተህ ሽንኩርት የምትከትፍልኝ፣ ሰው ሲመጣ ጉንፋን ነው ብለህ ዓይንህን የምትጠርግ!"

ድንኳኑ በሙሉ ያዳምጥ ነበር። አንዳንድ ባሎች ወደ መሬት አዩ።

ገናዡ መጣ። ሽማግሌ ነው፤ ነጭ አቡጄዲውን በብብቱ ይዟል። ሰዉ መንገድ ከፈተለት፤ እናቴን በእርጋታ አልፎ ጓዳ ገባና በሩን ከኋላው ዘጋ። እናቴ ቀጠለች። "አንድ ነገር ሳልነግርህ! ያን ዓመት፣ አባቴ ቤት ሄጄ የከረምኩ ጊዜ፣ አንድ ነገር ሳልነግርህ..."

በሩ ተከፈተ። ገናዡ አቡጄዲውን እንደያዘ ወጣ። ፊቱ ከአቡጄዲው ይነጣል።

"ምነው?" አሉት።

ትንሽ አሰበ። "ገና አልደረሱም" አለ።

"ማን?"

"እሳቸው። ቁጭ ብለዋል።" ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ዝም በል ብለውኛል" አለ።

ሴቶቹን እየገፋሁ ገባሁ። አባቴ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ፣ ክርኖቹን ጉልበቱ ላይ ተክሎ፣ አየሩን ቁርጥ ቁርጥ አድርጎ ይስባል። ከንፈሩ ጠቁሯል፣ ግንባሩ ረጥቧል። ሲያየኝ ጣቱን አፉ ላይ አደረገ።

"ዝም በይ" አለኝ፤ እያንዳንዱ ቃል ለብቻው ነው የሚወጣው። "አንድ... ነገር... ሳልነግርህ... ብላለች። ልትናገር ነው።"

ትንፋሹን ባየሁ ጊዜ ጓሉ እግሩን ለቆ ሳንባው መድረሱ ገባኝ። ደስታና ድንጋጤ አንድ ላይ ሲመጣ ሰው ምን ይላል? እኔ ሰደብኩት። አባቴን፣ በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ደንቆሮ አልኩት። ከዚያ ወደ ውጭ ጮኽኩ፤ አልሞተም፣ ሊሞት ነው፣ አንሱት አልኩ።

እናቴ ደፍ ላይ ቆማ አየችው። አልጮኸችም፣ አላቀፈችውም። "ምን ሰማህ?" አለችው።

ባጃጅ አይገባ፣ አምቡላንስ አይገባ፤ መንገዱን ድንኳኑ ዘግቶታል። ከተከሉት ሰዎች መሃል ገመዱን ማን እንዳሰረ ክርክር ተነሳ። ሰው የሚሸከም ነገር ሲፈለግ ያለው የእድሩ ቃሬዛ ብቻ ነው። ምክትል ዳኛው በሩ ላይ እጁን ዘርግቶ፣ "ቃሬዛ ለአስከሬን ብቻ ነው፤ ደንብ አለ" አለ። አባቴ በሌለው ትንፋሹ ቀና ብሎ፣ "ይፈቀዳል" አለ። ዳኛ ስለፈቀደ ጫኑት። እንደ አስከሬን እግሩ ወደ ፊት ሊሆን ሲል፣ ገና ነኝ ብሎ በእጁ ምልክት ሰጠና አዞሩት።

በድንኳኑ መሃል፣ በአግዳሚዎቹ መካከል አሳለፉት። ሰዉ ሁሉ ቆመ፤ ቃሬዛ ሲያልፍ መቆም ልማድ ነው። አንድ ሽማግሌ አፋቸው ለምዶባቸው "እግዜር ያጽናዎት" አሉት። አባቴ ራሱን ነቅነቅ አደረገ። የሁሩታዋ ሴትዮ ከኋላ እያለቀሰች ተከተለች፤ መሞቱን እየደበቋት እንደሆነ ወስናለች፤ ዓይኑን ሲያርገበግብ እያየች "የሚሸፋፍኑት ነገር አለ" ትላለች። ቅያሱ አፍ ላይ ያ ባጃጅ እስካሁን አለ። ሾፌሩ አባቴን አየ፣ እኔን አየ።

"እኚህ አይደሉም እንዴ የሞቱት?"

"ናቸው። ንዳ" አልኩት።

ሆስፒታል ኦክስጅን አደረጉለት፣ መርፌ ጀመሩለት። በምስል ሲታይ የረጋው ደም የቀኝ ሳንባውን የደም ሥር ዘግቷል። ሐኪሙ መርፌው ጓሉን አያቀልጠውም አለኝ፤ እንዳያድግ ይገታዋል እንጂ። የሚያቀልጠው ሰውነቱ ራሱ ነው። ያ የደም ሥር ሽፋን፣ እግሩ ላይ ተናዶ የያዘው ያው ዓይነት ሕዋስ፣ አሁን ሌላ ፕሮቲን የሚቀሰቅስ ነገር ያመነጫል፤ የተቀሰቀሰውም ክሩን አንድ በአንድ ይቆርጠዋል። ይህን ለተማሪ አስረድቼ አውቃለሁ። የዚያን ቀን ግን ኮሪደር ላይ ቆሜ፣ እባካችሁ ቶሎ ቁረጡት ብዬ የማይሰሙ ሕዋሳትን ስለምን ነበር።

ከሰዓት በኋላ ምክትል ዳኛው ደወለልኝ። ንፍሮው ስለተቀቀለ ሰዉ እየበላ ነው አለኝ። "ድንኳኑን ብናፈርሰው ይሻላል ወይስ..." አለ። "ማለቴ፣ ከዚያ የሚመጣውን ወሬ ሰምተን ቢሆንስ? ሁለተኛ መትከል አድካሚ ነው።" የመለስኩለትን እዚህ አልጽፈውም። ድንኳኑ ሲመሽ ፈረሰ።

በማግስቱ አባቴ ደህና መተንፈስ ጀመረ። እናቴ አልጋው አጠገብ ተቀምጣ ብርቱካን ትልጣለች። እኔ መስኮቱ ጋ ነበርኩ። እሷ ጀመረች።

"አለሁ ብለህ ብትጣራ ምን ነበረበት? ልትሞት ነበር እኮ።"

"ይታወቀኝ ነበር" አለ አባቴ። "ትንፋሼ እየሄደ ነበር።"

"ታዲያ?"

"ብጣራ ታቆሚያለሽ።"

እናቴ ብርቱካኑን መላጥ ተወች። አባቴ ጣሪያውን እያየ ቀጠለ። "ስንት ዓመት አብረን ኖርን። ስለ እኔ ስታወሪ ሰምቼ አላውቅም። የማታውቂው ይመስለኝ ነበር፤ ከረሜላውን፣ ውሃውን። ስለዚህ ልስማው ብዬ ነው።"

ወደ መስኮቱ ዞርኩ። ዓይኔ ሞላ፤ ተናድጄም ነበር።

"አንድ ነገር ሳልነግርህ ብለሽ ነበር" አለ። "አባትሽ ቤት የከረምሽ ጊዜ። ገናዡ አቋረጠሽ። ምን ነበር?"

እናቴ ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ ሳበችለት፤ ጠርዙን ትከሻው ሥር አስገባችው። ከብርቱካኑ አንድ ፍሬ ለይታ አፉ ውስጥ አደረገችለት።

"ስትሞት" አለችው።